የታመመች የብረት ጥርሴን ይዤ እስከ መተማ

ሰው ወደ መተማ የሚወርደው ሰሊጥ ሊያጭድ፣ ማሽላ ሊቆርጥ ወይም ሊነግድ ነው። እኔ የወረድኩት ለአንዲት ጥርስ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አላጣሁም። ይሳቅ። ጎንደርን ከሚያህል ከተማ ተነሥቼ፣ በደህናው ጊዜ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንገድ ላይ ሦስት ቀን የተንገላታሁበትን ምክንያት እስኪያነብ ድረስ ይሳቅ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ባሌ መኳንንት ከሞተ ወዲህ አንድ ገጽ ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል።

ጥርሷ እግዜር የሰጠኝ አይደለችም። በታችኛው መንጋጋዬ በቀኝ በኩል ባለው አጥንት ውስጥ እንደ ብሎን የገባች ብረት ናት፤ በላይዋ ነጭ ጥርስ የሚመስል ሽፋን በትንሽ ብሎን ታስሮባታል። ሐኪሞቹ ኢምፕላንት ይሏታል። መኳንንት ከጎንደር ካርቱም የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጥርሴ ከወለቀ በኋላ ተማሪ ፊት አፌን በእጄ ሸፍኜ ስስቅ አይቶ አዘነና፣ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ሁለት ጊዜ ካርቱም ይዞኝ ሄዶ አስተከለልኝ። ዓረብኛ የሚያውቀው እሱ ነው። በድንበሩ መንገድ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሐኪም ቤት ሚስት ትቀመጣለች፣ ባል ይነጋገራል።

እሱ በሞተ በአምስተኛው ወር በጥርሷ ዙሪያ ድዴ ያብጥና ይደማ ጀመር። ጎረቤቶቼ «ከለቅሶው ነው» አሉኝ። ቆይቶ መግል መጣ። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም አይቶ፣ «በብረቱ ዙሪያ ኢንፌክሽን አለ። ወይ ድዱ ተቀዶ ይጸዳል፣ ወይ ብረቱ ይወጣል» አለኝ።

«ሳይቀደድ ማጽዳት የለም?»

«አለ። ግን የላይኛውን ሽፋን መክፈቻ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ደግሞ እንደ አምራቹ ይለያያል። የማን ሥሪት ነው? ወረቀት አልሰጡዎትም?»

ወረቀት የለኝም። የሰጠኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጠዋትና ማታ የምጉመጠመጠው መድኃኒት ሰጥቶኝ፣ «እስኪ ያስቡበት» ብሎ ሸኘኝ። ምኑን ነው የማስበው? ባሌን ቀብሬ ሳልጨርስ እሱ ያስተከለልኝን ጥርስ ይንቀሉልኝ ብዬ ልተኛ?

ኮኪት የምትኖረው የመኳንንት ታላቅ እህት እትዬ አበዙ የደወለችልኝ በዚህ መሐል ነው። መተማ ጥርሷን ታማ ብትሄድ ያከመቻት ሱዳናዊት፣ ዶክተር ሰልማ፣ ካርቱም የኔን ጥርስ የተከለችው ራሷ ሆና ተገኘች። ጦርነቱን ሸሽታ ወጥታ፣ አንድ ያገራችን ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ አብራው ትሠራለች። እትዬ ስለ ወንድሟ ስታወራት፣ «ያ ማር ያመጣልኝ የነበረው ሾፌር!» ብላ አስታወሰችው። ሻንጣዬን ያን ዕለት አዘጋጀሁ።

ሰኞ

ገና ሊነጋጋ ሲል ከመናኸሪያ ተነሣን። ሾፌሩ ጥቁር መልበሴን አይቶ፣ «እማማ፣ ፊት ይቀመጡ፤ ኋላ አቧራው ይጨርስዎታል» አለኝ። ከኋላዬ ለማሽላ ቆረጣ የሚወርዱ ሦስት ጎጃሜዎች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ያንቱ ማጭድ የታለ?» አለኝ አንዱ።

«የኔ ብረት አፌ ውስጥ ነው» አልኩት። እስከ አይከል ድረስ ሳቁብኝ። እኔም ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር፤ ጉንጬን አመመኝ።

እስከ አይከል አገሩ እንደኛው ነው፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢው፣ ከዚያ ሹራቡ፣ በመጨረሻም ትዕግሥት ከሰው ላይ ይወልቃል። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ሻንጣ አስፈቱን። ፈታሹ የአፍ ማጠቢያዬን ጠርሙስ አንሥቶ በፀሐይ አየው።

«ምንድን ነው?»

«የድድ መድኃኒት።»

«እስኪ ይጎንጩት።»

«የነቢያት ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አፌ ውስጥ ጠብታ አላስገባም» አልኩት ኮራ ብዬ። ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማዶ መለሰልኝ። የልጅ ልጅ የሚያህለኝ ሰው በአደባባይ አፌን ሊመረምር መፈለጉ ቀኑን ሙሉ አብግኖኛል። በኩራት የተናገርኳት ነገር ግን ምን ያህል እንደጎዳችኝ ገና አላወቅኩም ነበር።

ከነጋዴ ባሕር ወዲህ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም የተበሳ ሆኖ ተገኘ። ጎጃሜዎቹ ከፀሐይ እንዲከልለኝ ፎጣቸውን ግራር ላይ ወጥረውልኝ አራት ሰዓት ጠበቅን። ሸሕዲ የደረስነው ሲመሽ ነው።

ማክሰኞ

ያደርኩበት ማረፊያ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች። ጎንደር ሲመሽ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ሸሕዲ አልጋው ራሱ ወደ ግቢ ይወጣል። የገመድ አልጋ ላይ አጎበር ሰቅላልኝ፣ እንግዳ ሁሉ ተደርድሮ በተኛበት ግቢ እንደ ሕፃን ከጥግ አስተኛችኝ።

ጠዋት መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ማን ዘጋው? ለምን? እስከ መቼ? የሚመልስ የለም። የሚናደድም የለም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። የቀን ሠራተኞቹ ጥላ ፈልገው ጋደም አሉ። እኔ ጉንጬ አብጦ፣ መግሉ ጎምዝዞኝ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለመድኃኒቱ አፌን ሳያይ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ አሞክሳሲሊን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«አላየኸኝም እኮ!» አልኩት።

«ሲያብጥ ይኸው ነው እማማ።»

ለጥሩወርቅ ስነግራት፣ «እዚህ አገር ጎማ ቢፈነዳም አሞክሳሲሊን ነው የሚሰጡት» አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፉል በሰሊጥ ዘይት ልም አድርጋ ፈጭታ አመጣችልኝ፤ ጥርስ የማይፈልግ ምግብ። አጠገቤ ተቀምጣ እስክጨርስ አልተነሣችም። ጎንደር እንግዳን ያጎርሳሉ፤ ይህች ሴት ሳታጎርሰኝ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ከባሌ ሞት ወዲህ ዝም ብሎ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ብዙ አላገኘሁም ነበር።

ረቡዕ

መንገዱ እንደተዘጋው ሁሉ ያለ ምክንያት ተከፈተ። ኩንታል የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ ኮኪት ገባሁ። ግራና ቀኙ የታጨደ የሰሊጥ ማሳና የቆመ ማሽላ ነው። በኛ በኩል እርሻ ከዳገት ዳገት የተጣፈ ይመስላል፤ እዚህ ዓይን እስኪደክም አንድ ነው።

እትዬ አበዙ ገና ስታየኝ ጮኸች። ከቀብሩ ወዲህ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው፤ ልቅሶ እንዳዲስ ተነሣ። የሰፈሩ ሴቶች መጡ። ደረታቸውን የሚመቱት ለመኳንንት ነው፤ ተወልዶ ያደገው ከነሱ ጋር ነውና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በሁለት እጄ መንጋጋዬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አንዷ ጠጋ ብላ፣ «አየሽ፣ እንባው ታምቆ ነው ፊትሽን ያሳበጠው፤ አልቅሽና ይወጣልሻል» አለችኝ።

«ይሄ መግል ነው፤ እንባ አይደለም!» አልኳት ጮክ ብዬ። ሐዘን ቤት ውስጥ እንደዚያ አይባልም፤ አውቃለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የታመመውን ሁሉ ሐዘን ነው እያሉ ሲያሳልፉብኝ፣ አንድ ቀን መጮህ ነበረብኝ።

እትዬ አበዙ ማታ የሞቀ የጨው ውሃ ሰጥታኝ፣ «አይዞሽ ትርንጎ፣ ነገ እኔው አስተረጉምልሻለሁ። የመተማ ገበያ ዓረብኛውን አስተምሮኛል» አለችኝ።

ሐሙስ

መተማ ሙቀቱ ከመሬት ነው የሚወጣው። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። መብራት ስላልነበረ ወንበሩን ወደ በሩ ጎትተውት፣ ዶክተር ሰልማ ሌሊት ሰሊጥ የሚያራግፉ ሠራተኞች የሚያስሩትን የግንባር ባትሪ አስራለች። ያኔ ካርቱም አንጸባራቂ ፎቅ ውስጥ ነበር ያየኋት። አሁን ከስታለች። «ኻልቲ!» ብላ አቀፈችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ስለ መኳንንት ሰምታ ነበርና በዓረብኛ ብዙ አለች። እትዬ አበዙ፣ «ነፍስ ይማር ትላለች» ብላ አሳጠረችው።

ሰልማ በቀጭን መለኪያ የጥርሷን ዙሪያ ለካች። በሁሉም በኩል ደማ። በአንዱ በኩል መለኪያው ሰባት ሚሊ ሜትር ገባ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፤ እትዬ አበዙ ታመላልሳለች።

«በየቀኑ በምን ታጸጃታለሽ?»

«በመፋቂያ፣ ፊት ለፊቷን።»

«ከሥሯስ?»

«ከሥሯ ደግሞ ይጸዳል እንዴ? ብረት አይደለች?»

ሰልማ መለኪያዋን አስቀመጠች። ረጅም ነገር ተናገረች፤ እጇን ወደ እኔ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ሰማይ እያነሣች። እትዬ አበዙ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምን አለች?»

«ኧረ ምንም። ያኔ ሥራ በዝቶባት ሳትነግርሽ ቀረች። ይቅርታ አድርጊልኝ ነው የምትል።»

ሰልማ በወንበሯ ዞረች። መተማ መኖር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ብዙ ባትናገርም ትሰማለች፣ ሲያስፈልጋትም ትናገራለች።

«አይ! እንደዚያ አላልኩም እኔ» አለች። «እኔ ነግሬያለሁ። ለባልሽ ነግሬያለሁ። ሁለት ጊዜ።» ሁለት ጣቷን አወጣች። «በየቀኑ ከሥሩ ማጽዳት፣ በየስድስት ወር መምጣት። ካልጸዳ ይታመማል፣ ይወድቃል። ባልሽ ለአንቺ ነገረ። ብዙ ተናገረ። አንቺ ሳቅሽ።»

አስታወስኩ። እንዴት እረሳዋለሁ? መስታወት ይዤ አዲሱን ጥርሴን እያየሁ፣ መኳንንት ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ «ዶክተሯ እንዳንች ያለ ደፋር ሴት አላየሁም ትላለች፤ ከእንግዲህ ቆሎም አጥንትም ቆርጥሚ ትላለች!» አለኝ። ሳቅኩ። ለዚያ ነው የሳቅኩት።

ሰልማ ማደንዘዣውን ወጋችኝና አፌን ከፈተች። እንግዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ አፌን ከፍቼ ነው የተናደድኩት። አንዲት ቃል መናገር አልችልም፤ ሊሰማኝ የሚገባውም ሰው መቃብር ውስጥ ነው። ከካርቱም ስትሸሽ በልብሷ መሐል ሰፍታ ካወጣቻት ትንሽ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቁልፉን መርጣ ሽፋኑን ፈታችው። ሽታው ለእኔም ደረሰኝ። አፈርኩ። ዓይኖቼን ጨፈንኩ።

ብረቱን የፋቀችው በፕላስቲክ መሣሪያ ነው፤ የብረት መሣሪያ እንደሚቧጥጠውና ቆሻሻው በጭረቱ ውስጥ እንደሚደበቅ ቆየት ብላ አሳየችኝ። እየፋቀች መርፌ በሌለው ስሪንጅ በመድኃኒት ታጥበዋለች፣ ትጠርጋለች፣ እንደገና ትፍቃለች። መብራት ቢኖር የሚንቀጠቀጥ ማሽን እንደነበራት ነገረችኝ። እጇ ሲደክም ታራግፈዋለች። አንድም ጊዜ ግን «ይበቃል» አላለችም።

ስትጨርስ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። ወደ እትዬ አበዙ ጣቷን ቀስራ፣ «በትክክል!» አለቻት። እትዬ አበዙም በትክክል አስተረጎመች፦ ሳይቀደድ የሚደረገው ሕክምና ይኸው ነው። የታመመው ድዱ ብቻ ቢሆን በዚህ ይድናል ብላ አፏን ሞልታ ትናገር ነበር። ነገር ግን አጥንቱም ትንሽ ተበልቷል። ሊረጋ ይችላል፤ ላይረጋም ይችላል። ካልረጋ መቀደድ ይመጣል፤ እሱም ካልሆነ ጥርሷ ትወጣለች። ስለ ሸሕዲው ክኒን ጠየቅኳት። «ክኒን ብረት ላይ የተጋገረ ቆሻሻ አይፍቅም» አለች።

ከዚያ ይዤ የመጣሁትን የአፍ ማጠቢያ ጠርሙስ አንሥታ አየችው። ወደ ላይ ያዘችው። ብዙም አልጎደለም።

«ጠዋት ጠዋት ጾም ነው» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሰኞው አልነበረም። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አፌን አላርስም። ከባሌ ሞት ወዲህ ሱባኤም ጾምም አላቋረጥኩም። ማታ ማታ፣ ካስታወስኩ ነው።»

ሰልማ አልሳቀችም። በረመዳን የእሷም ታካሚዎች እንዲህ እንደሚያደርጉ፣ እሷም ከጎህ በፊት እንዲጠቀሙ እንደምትመክራቸው ነገረችኝ። «ቄሱን ጠይቂ» አለች። እኔ ግማሹን ጥፋት መኳንንት ላይ ጭኜ ስንጨረጨር፣ ግማሹ በገዛ እጄ ተሠርቶ ተገኘ።

ዓርብ

ያደርነው መተማ፣ የክሊኒኩ ባለቤት እናት ቤት ነው። ዓሣ ቢያቀርቡልን ጾም ነው ስላልናቸው ሽማግሊቷ ከጎረቤት ዞረው የማሽላ ቂጣና ተልባ አምጥተው አበሉን። ጠዋት ሰልማ ቁስሉን አይታ ማስተማር ጀመረች። የጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስል፣ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ብሩሽ ሰጠችኝ። መስታወት ይዤ በጥርሷ ሥር በዚህም በዚያም በኩል አሳልፌ አሳየኋት። አበላሸሁ። ደገምኩ። አራተኛው ላይ፣ «አሁን አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። ሁሉንም በአማርኛ ደገምኩላት። እትዬ አበዙ ልትመልስልኝ ስትል ሰልማ እጇን አንሥታ አስቆመቻት። ከዚያ የብረቱን ሥሪት፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን፣ የለካችውን ጥልቀትና ከስምንት ሳምንት በኋላ እንደገና የምለካበትን ቀን በወረቀት ጽፋ በእጄ ሰጠችኝ። በእጄ ነው የምላችሁ፤ በማንም እጅ አይደለም።

ወደ ኮኪት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ትናንት ለምን ዋሹኝ?»

«ወንድሜን ከመቃብሩ አውጥተሽ እንዳትጣይው ብየ ነዋ!»

«እሱስ ለምን ዋሸኝ?»

«እንዳንች ያለች እልኸኛ! በየስድስት ወሩ ካርቱም ትመላለሻለሽ፣ ካላጸዳሽው ይወድቃል ቢልሽ ታስተክይው ነበር?»

«አላስተክለውም ነበር።»

«እኮ! በእጅሽ አፍሽን ሸፍነሽ ስትስቂ ማየት አንጀቱን በላው። ፈርተሽ እንዳትተይው ነው።»

«መተዉም የኔ ነበር እትዬ። እምቢታዬን ቀማኝ። አሁን በሕይወት ቢኖር ኖሮ በሩን ዘግቼ ሦስት ቀን አኮርፈው ነበር። እንዴት አድርጌ ነው የማኮርፈው?»

እትዬ አበዙ እያለቀሰች እጄን ያዘችኝ። እኔ አላለቀስኩም። የባጃጁ ሾፌር በመስታወት አይቶን፣ «እማማዎች፣ ልቁም እንዴ?» አለ። «ንዳ!» አልነው ሁለታችንም ባንድ አፍ።

ቅዳሜ

ባንድ ቀን ጎንደር ገባሁ። መንገዱ ክፍት ነበር። አይከል ላይ ጋቢዬን ለበስኩ።

ከተመለስኩ በኋላ

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «መድኃኒት ነው፤ ትተፊዋለሽ። ከመጀመሪያው ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብለው ተቆጡኝ። እሳቸውም እንደኔ ቁጡ ናቸው።

ስምንት ሳምንት ጠዋትና ማታ በብሩሿ ሠራሁ። መኳንንትን አንዳንድ ቀን እያጸዳሁ እሰድበዋለሁ። አንዳንድ ቀን እያጸዳሁ ይናፍቀኛል። አንዱ ሌላውን አልቀነሰውም።

ቀኑ ሲደርስ ወረቀቴን ይዤ ወደዚያው ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ለክቶ ጨረሰና ጓንቱን እያወለቀ ወደ በሩ ተመለከተ።

«አብሮዎት የመጣ ሰው የለም? ውጤቱን ላስረዳው።»

«የለም። ጥርሷ እኔ አፍ ውስጥ ናት፤ ለእኔ ንገረኝ።»

ደነገጠ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «በሦስቱ በኩል መድማቱ ቆሟል። ሰባት የነበረው አምስት ሆኗል። እዚያ ጋ ግን አሁንም ትንሽ ደም አለ።»

«ትድናለች?»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እርግጠኛ አይደለሁም እማማ። ሦስት ወር ቆይተን እንለካለን። ከባሰ መቅደድ ይኖርብናል፤ ልትወጣም ትችላለች።»

ይኸው ሰማሁት። ሰምቼም ከወንበሩ በራሴ እግር ወረድኩ።